የልብ ሕክምና በቀጭን ቱቦ፤ ችግር ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

«መምህር፣ ደረቷን ሳይከፍቱ ልቧ ዘንድ በየት በኩል ይደርሳሉ? እሺ፣ ደረሱ እንበል፤ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽስ በምን ያስተካክሉታል?»

ይህን ጥያቄ ያቀረቡልን አንዲት እናት ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2022፣ ቦታውም ከጥቁር ዓባይ ማዶ የሚገኘው የካርቱም ሠፈር ሐጅ ዩሱፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐጅ ዩሱፍ ከሱዳን ልዩ ልዩ ክፍሎች ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ቤተሰቦችና አያሌ ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ይኖሩበት የነበረ ሰፊ ሠፈር ነው። እኛም ለጥቂት ጊዜ በዚያ ስንቆይ ለወገኖቻችን ልጆች ሳይንስና ሒሳብ እናስተምር ነበር።

የእኚህ እናት ልጅ የ11 ዓመት ተማሪ ነበረች። ትምህርት ፈጥና ትይዛለች፤ ጓደኞቿ ሲሯሯጡ ግን ግድግዳ ተደግፋ ትመለከታለች። ጥቂት ከሮጠች ትንፋሽ ያጥራታል፤ ብርድ በመታት ቁጥር ደረቷን ያማታል፤ ከእኩዮቿ ጋር ስትነጻጸርም በቁመትም በክብደትም ታንሳለች። እውነቱን ለመናገር እኛም በመጀመሪያ «ይህች ልጅ ለስፖርት ሰነፍ ናት» ብለን ነበር። ኋላ ወደ ሐኪም ስትወሰድ ከልቧ አጠገብ ክፍት ሆኖ መቅረት ያልነበረበት የደም መተላለፊያ ተገኘ። ሐኪሞቹም ደረቷን መክፈት ሳያስፈልግ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሊዘጉላት እንደሚችሉ ለእናቲቱ ነገሯቸው።

ለእናቲቱ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ መስጠት አልቸገረንም፤ የደም ዝውውርን የሚያስተምር ሰው ሁሉ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከበደን። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ጠይቀን፣ መጻሕፍትም አገላብጠን ያገኘነውን ነው ዛሬ ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች የምናቀርበው።

1. ልብና አብሮ የሚወለድ ጉድለት

እንደሚታወቀው ልባችን አራት ክፍሎች አሉት። ቀኙ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን፣ ኦክስጂን የቀነሰበትን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ወገን ደግሞ ከሳንባ ኦክስጂን ይዞ የመጣውን ደም ተቀብሎ አኦርታ በሚባለው ትልቅ ደም ቅዳ አማካይነት ለመላው ሰውነት ያከፋፍላል። ሁለቱ ወገኖች በግድግዳ የተለያዩ ናቸው፤ በየበሩም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከሉ ክዳኖች (ቫልቮች) ይገኛሉ።

የዚህ ሁሉ ግንባታ በአብዛኛው የሚጠናቀቀው በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግንባታው ከተጓደለ ሕፃኑ ጉድለቱን ይዞ ይወለዳል። ከ1000 ሕፃናት መካከል 8 ያህሉ እንዲህ ያለ ጉድለት ይዘው እንደሚወለዱ ይገመታል። ጉድለቱ ብዙ ዓይነት ቢሆንም ዘወትር የሚታየው በሦስት መልክ ነው፤ እነርሱም በግድግዳው ላይ ቀዳዳ መኖር፣ የክዳን ወይም የደም ሥር መጥበብ፣ እንዲሁም መዘጋት የነበረበት መተላለፊያ ክፍት ሆኖ መቅረት ናቸው።

የተማሪያችን ሕመም ሦስተኛው ዓይነት ነበር። ሕፃን በማህፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። ስለሆነም ደሙን ከሳንባ ደም ቅዳ ወደ አኦርታ የሚያሻግር አጭር መተላለፊያ አለ፤ ስሙም ደክተስ አርቴሪዮሰስ ይባላል። ሕፃኑ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጂን ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት የመተላለፊያው ጡንቻ ተኮማትሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ሳይዘጋ ሲቀር ግን የአኦርታ ግፊት ከሳንባው ደም ቅዳ ግፊት ስለሚበልጥ ደሙ አቅጣጫውን ለውጦ ከአኦርታ ወደ ሳንባ ይፈስሳል። ሳንባ ከመጠን በላይ ደም ይጫነዋል፤ ልብም ያንኑ ደም ደጋግሞ ለመግፋት ይገደዳል። ይህ ጉድለት ኦክስጂን በሚያንስበት ከፍተኛ ቦታ በሚወለዱ ልጆች ላይ ከቆላው ይልቅ በብዛት ይታያል። ደገኞች ለሆንነው ለእኛ ይህ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

መተላለፊያው ሰፊ ሆኖ ለዓመታት ሳይዘጋ ከቆየ የሳንባ ደም ሥሮች እየጠነከሩና እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቢታወቅም መዝጋቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝንበት ጊዜ ይመጣል። በመሆኑም በጊዜ መታወቁ ትልቅ ዋጋ አለው።

2. ቱቦው ልብ ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

ካቴተር ማለት እንደ ስፓጌቲ የቀጠነና የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው። ከብሽሽት የሚነሣው ትልቁ ደም መልስ ያለ ማቋረጥ እስከ ቀኝ ልብ ይዘልቃል፤ ከብሽሽት ያለው ደም ቅዳም እንዲሁ እስከ አኦርታ ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልገውም፤ ተፈጥሮ የሠራችውን መንገድ ይጠቀማል። በመርፌ ቆዳውን ወግቶ ቀጭን መሪ ሽቦ ያስገባል፤ ቱቦውንም በሽቦው ላይ እያንሸራተተ ወደ ውስጥ ይሰዳል። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ሕመም ስለማይሰማው ልጁ የቱቦውን ጉዞ አያውቀውም። ያም ሆኖ እንዳይንቀሳቀስና እንዳይፈራ ሰመመን ይሰጠዋል። ሐኪሙ መንገዱን የሚያየው በራጅ መስታወት ላይ ነው፤ በራጅ የሚታይ ልዩ ፈሳሽ በቱቦው ሲረጭ የልቡ ክፍሎች ቅርጻቸው ይወጣል። በአልትራሳውንድ የሚሠራው የልብ ምርመራ (ኤኮ) ደግሞ ሌላው ዓይኑ ነው።

ይህን መንገድ በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኤበርስቫልደ ከተማ ከክንዱ ደም ሥር 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ቱቦ አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ የቱቦው ጫፍ ቀኝ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶግራፍ አረጋገጠ። በጊዜው ብዙዎች ቢነቅፉትም እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራውን ካስፋፉት ከኩርናንና ከሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በመጀመሪያ ቱቦው ያገለግል የነበረው ግፊትን ለመለካትና ደም ለመቅዳት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ራሽኪንድ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በቱቦው ጫፍ ላይ ፊኛ አድርገው፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮቻቸው ተቀያይረው ለተወለዱ ሕፃናት በላይኛው የልብ ግድግዳ ላይ ደም የሚቀላቀልበትን በር አሰፉ። በ1967 በርሊን ውስጥ ፖርስትማን ከላይ የገለጽነውን መተላለፊያ ደረት ሳይከፈት ዘጉ። በ1982 ጂን ካን የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የጠበበ የሳንባ ክዳንን በፊኛ መክፈታቸውን አስታወቁ። በ2000 ደግሞ ቦንሄፈር ፓሪስ ላይ ለአንድ የ12 ዓመት ልጅ ሙሉ ክዳን በቱቦ አስገቡ።

3. በቱቦው የሚሠሩት ሁለቱ ዋና ሥራዎች

አንደኛው ማስፋት ነው። በጠበበው ክዳን መካከል ፊኛው ይቀመጣል፤ ለጥቂት ሴኮንድ በፈሳሽ ይነፋል፤ ወዲያው ይተነፍሳል። ፊዚክስ የምናስተምር መምህራን እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። ረጋ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ በጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ሬዲየሱ በእጥፍ ቢጨምር፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የልብ ክዳን ረጅም ቱቦ ባለመሆኑ ሒሳቡ በትክክል እንደዚህ ባይሆንም፣ ጥቂት ማስፋት ብዙ ሸክም እንደሚያቀልል ለመረዳት ይጠቅማል።

ሁለተኛው መድፈን ነው። መድፈኛው ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ በቀጫጭን ሽቦ ይጠለፋል። ይህ ብረት የተሰጠውን ቅርጽ አይረሳም፤ ተስቦና ቀጥኖ በቱቦ ውስጥ ካለፈ በኋላ ከጫፉ ሲወጣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመልሶ ይዘረጋል። በወራት ጊዜ ውስጥም የሰውነት ሕዋሳት ይሸፍኑትና የግድግዳው አካል ይሆናል።

4. ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮችና አያያዛቸው

አሁን ወደ እናቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። በልብ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ አደጋ አለው። በዛሬው ጊዜ በሠለጠነ ማዕከል በዚህ ሕክምና ምክንያት የሚደርሰው ሞት ከመቶ ከአንድ ያነሰ ነው፤ ከበድ ያለ ችግር የሚያጋጥማቸውም ከመቶው ጥቂቶቹ ናቸው። ይሁንና አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ፣ ክብደታቸው ያነሰና አስቀድሞ የተዳከሙ ሕፃናት ይበልጥ ይጎዳሉ። ዋና ዋናዎቹን ችግሮች ቀጥለን እንመለከታለን።

ሀ/ በመግቢያው ቦታ መድማትና የእግር ደም መቋረጥ

የአንድ ሕፃን ደም በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 80 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከግማሽ ሊትር በታች ነው። ለአዋቂ ሰው ምንም የማይመስል መድማት ለእርሱ ብዙ ነው። በመሆኑም ከሥራው በፊት ለልጁ የሚስማማ ደም ይዘጋጃል። የሕፃን ደም ቅዳ ጠባብ ስለሆነም ቱቦው ሊዘጋውና ደም ሊረጋበት ይችላል። ለዚህ ሲባል በአልትራሳውንድ እየታየ ይወጋል፤ የሚቻለውን ያህል ቀጭን ቱቦ ይመረጣል፤ ከሥራው በኋላም ነርሷ የእግሩን ሙቀትና ቀለም፣ የእግሩንም ትርታ ደጋግማ ትመለከታለች። እግሩ ቀዝቅዞ ትርታው ከጠፋ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ካልበቃም የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት ወይም የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ይከተላል።

ለ/ የልብ ምት መዛባት

የልብ ምት የሚመራው በኤሌክትሪክ ነው። የቱቦው ጫፍ የልብን ግድግዳ ሲነካ ምቱ ሊዘል፣ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። የመጀመሪያው መፍትሔ በጣም ቀላል ነው፤ ይኸውም ቱቦውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። አብዛኛው መዛባት በዚህ ብቻ ይቆማል። ካልቆመ በመድኃኒት ይታረማል። ምቱ ከመጠን በላይ ከዘገየ በጊዜያዊ ሽቦ ልብን በኤሌክትሪክ መምራት ይቻላል፤ ልብ ደም መግፋት እስኪያቅተው ከተርገበገበ ደግሞ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ ይመለሳል። የንዝረቱ መሣሪያ ሥራው ሲጀመር ተፈትሾ በአጠገቡ መቆም አለበት፤ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ከሆነ ዘግይቷል።

ሐ/ የልብ ወይም የደም ሥር መበሳት

ልብ በስስ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። ሽቦ ወይም ቱቦ ግድግዳውን ቢበሳ ደም ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ከውጭ ይጫነዋል። ልብ መዘርጋት ስለማይችል ሊቀበለው የሚገባው ደም ይቀንሳል። የደም ግፊት ሲወርድና የልብ ምት ሲፈጥን ይህ ይጠረጠራል፤ በኤኮ ወዲያው ይታያል። ሐኪሙ ከደረት አጥንት በታች በመርፌ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ደሙን ይቀዳል፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ሲወጣ እንኳ ልጁ ሊያገግም ይችላል። የሄፓሪን ኃይል ፕሮታሚን በተባለ መድኃኒት ይሻራል። መድማቱ ካልቆመ የልብ ቀዶ ሐኪም ይጠራል።

መ/ መድፈኛው ከቦታው መልቀቅ

መድፈኛው ለቀዳዳው አነስ ካለ ወይም ደህና ካልያዘ የደሙ ግፊት ይዞት ይሄዳል። መከላከያው ቀዳዳውን በጥንቃቄ መለካትና፣ መድፈኛውን በተገጠመበት ሽቦ ላይ እንዳለ ሳብና ገፋ አድርጎ መፈተን ነው። ከሽቦው እስካልተፈታ ድረስ ወደ ቱቦው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ከተፈታ በኋላ ከለቀቀ ግን በሸምቀቆ ይያዛል። ሸምቀቆው በሌላ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ፣ ጫፉ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ሽቦ ነው፤ መድፈኛውን አንቆ ወደ ሰፊ ቱቦ ይስበዋል። ይህ ካልተሳካ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ሠ/ የረጋ ደምና አየር

ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይጀምራል፤ የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜም በየተወሰነ ደቂቃ ይለካል። አየርም እንዲሁ አደገኛ ነው። ቱቦዎቹ ከመግባታቸው በፊት በጨው ውሃ ተሞልተው አየሩ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ መርፌ ውስጥ ያለ አረፋ ይታያል። አየር ከገባ ልጁ ንጹሕ ኦክስጂን እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ የሚደረስበት ከሆነም አየሩ በቱቦ ይሳባል።

ረ/ የፈሳሹና የጨረሩ ጉዳት

በራጅ የሚታየው ፈሳሽ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በአንዳንዱም ላይ አለርጂ ያስነሣል። መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለአለርጂውም አድሬናሊን ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። የሚያድግ ሰውነት በጨረር ይበልጥ ስለሚጎዳ ራጁ የሚበራው ለሚያስፈልገው ቅጽበት ብቻ ነው።

ሰ/ ድንገተኛ መጥቆር

ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚባል ጉድለት ያለባቸው ልጆች ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ሲሆን፣ በሁለቱ የታች ልብ ክፍሎች መካከልም ቀዳዳ አለባቸው። ጠባቡ መንገድ በድንገት ሲኮማተር ኦክስጂን የሌለው ደም በቀዳዳው በኩል ወደ ሰውነት ይሄዳል፤ ልጁም ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞቹ የልጁን ጉልበቶች አጥፈው ወደ ደረቱ ያስጠጋሉ፤ ኦክስጂን፣ ፈሳሽና ማስታገሻ መድኃኒት ይሰጣሉ። ጉልበት ሲታጠፍ የእግር ደም ሥሮች ስለሚጫኑ በሰውነት በኩል ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ደሙም ተገድዶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ይህን ዘዴ ልጆቹ ራሳቸው ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ሮጥ ብሎ ቁጢጥ የሚል ተማሪ በሜዳችን ላይ ካየን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

5. በተማሪያችን ላይ የሆነው

ልጅቷ ጥቁር ዓባይን ተሻግራ ወደ አንድ ሆስፒታል በተወሰደችበት ቀን ከእናቷ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ነበር። ከተነገረን ጊዜ ሲያልፍ እናቲቱ መቀነታቸውን እየፈቱ ያስሩ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጥተው ልጅቷ ደህና እንደሆነች ከነገሩን በኋላ የሆነውን አስረዱን። የመጀመሪያው መድፈኛ ከተፈታ በኋላ ከቦታው ለቆ ከደሙ ጋር ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ሄዷል። ወዲያው በሸምቀቆ ይዘው አውጥተው፣ ከፍ ያለ ቁጥር ባለው ሌላ መድፈኛ መተላለፊያውን ዘግተዋል።

እናቲቱም፣ «ዶክተር፣ ያን ጊዜ አልደነገጡም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን ወደ ዐረብኛ የተረጎምነው እኛ ነበርን። ሐኪሙ የመለሱት ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ መድፈኛውን ከማስገባታችን በፊት ቢለቅ ወዴት እንደሚሄድ ተነጋግረናል፤ ሸምቀቆውም ከነቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማን ምን እንደሚይዝም ተከፋፍለናል፤ እናም ሲለቅ ሥራችንን ቀጠልን እንጂ አዲስ ነገር አልፈለግንም።

ለእናቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል። በዚህ ሕክምና ችግር የሚታረመው በአብዛኛው ችግሩ ከመድረሱ በፊት ነው። ከላይ የዘረዘርናቸውን ሰባቱን መለስ ብለን ብንመለከት መፍትሔዎቹ ሁሉ አስቀድሞ መቅረብ የሚገባቸው ናቸው፤ የተዘጋጀ ደም፣ የተፈተሸ የንዝረት መሣሪያ፣ የተሰላ የፈሳሽ መጠን፣ የቀረበ መርፌ፣ የሚጠራ ቀዶ ሐኪም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ያወጣው የደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝርም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቆም ብሎ የልጁን ስም፣ የሚሠራውን ሥራ፣ የሚያሰጋውንም ነገር ጮክ ብሎ ይናገራል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ነርስ እንኳ «ይህ ጎድሏል» ለማለት መብት አላት።

6. ዝግጅት ያለ ተቋም አይሆንም

ይህን ሁሉ አንድ ሐኪም ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። የልብ ሐኪም፣ የሰመመን ባለሙያ፣ ነርሶች፣ የራጅ ባለሙያና የልብ ቀዶ ሐኪም በአንድ ግቢ መገኘት አለባቸው። በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ለብዙ ዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ ሥራ ሲጀምር፣ ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች እየታገዘ ልጆችን እዚሁ ማከም ተቻለ፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ሙያውን ተረክበዋል። ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

በካርቱምም በኩል ኤመርጀንሲ የተባለው የኢጣሊያ የዕርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በሶባ የከፈተው ሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከሱዳንና ከሌሎች ብዙ አገሮች ለሚመጡ ሕሙማን ያለ ክፍያ ሕክምና በመስጠት የታወቀ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ ተጎዱ፤ ሐኪሞችም ተሰደዱ። የሐጅ ዩሱፍ ቤተሰቦችም ተበተኑ። በዓመታት የተገነባ ዝግጅት በጥቂት ቀናት ሲፈርስ፣ ከዚያ በኋላ ልቡ የታመመ ልጅ የያዘ ወላጅ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንዳለበት አንባቢ ሊገምተው ይችላል።

7. የመምህሩ ድርሻ

አንዳንድ ባልደረባ «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ከላይ እንዳየነው አደጋው የሚያንሰው ልጁ ሳይዳከምና የሳንባ ደም ሥሮቹ ሳይጠነክሩ ሲደርስ ነው። በቀን ብዙ ሰዓት ልጁን የሚያየውና ከእኩዮቹ ጋር ሊያነጻጽረው የሚችለው ደግሞ መምህሩ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ እንበል፡-

— ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው፤
— ሮጦ ቁጢጥ የሚል፤
— ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የሚጠቁር፤
— በስፖርት ሰዓት ራሱን የሚስት ወይም ደረቱን የሚያመው፤
— ዕድገቱ የቀነሰና በየጊዜው በሳንባ ሕመም የሚቀር።

እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ አብሮ የተወለደ ሕመምን አያመለክቱም። በተለይ በእኛ አገር የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ሳይታከም ሲቀር የሚከተለው ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ተማሪዎችን ያጠቃል። ለመለየት ሐኪም ያስፈልጋል። መምህሩ ማድረግ ያለበት ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍር ከወላጆቹ ጋር መነጋገር፣ ያየውንም በአጭር ማስታወሻ ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መስጠት ነው። ልጁ በድንገት ከጠቆረና ከተነፋነፈ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ማረጋጋትና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ታክሞ የተመለሰም ልጅ እንክብካቤ ያሻዋል። ለተወሰነ ጊዜ ግፊያና መውደቅ ካለበት ጨዋታ መራቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ፣ ጥርሱን ከመነቀሉ በፊት መድፈኛ እንዳለው ለሐኪሙ መንገር አለበት። ትኩሳት ከያዘው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ በዚያው ቀን ይመርመር። ከዚህ በተረፈ «በሽተኛ ነው» ብሎ ከጨዋታ ሁሉ ማግለል ሌላ ጉዳት ነው፤ ልኩን ሐኪሙ ይወስን።

ለክፍል ውስጥ የሚሆኑ ሁለት ሙከራዎች

አንደኛ፤ ባዶ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቱቦና የለስላሳ መጠጫ ቱቦ በእኩል ርዝመት ቁረጡ። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ግርጌ ላይ ግጠሟቸው። አንድ ብርጭቆ ውሃ በእያንዳንዱ ለመውጣት የሚፈጅበትን ጊዜ ለኩና ከቱቦዎቹ ስፋት ጋር አነጻጽሩ። ውጤቱ ከሒሳቡ ለምን እንደሚለይ ተማሪዎቹ ይወያዩ።

ሁለተኛ፤ ጠባብ አፍ ባለው ብሩህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቁልፍ ጣሉ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ አጥፋችሁ በመጠጫ ቱቦ በማሳለፍ ሸምቀቆ ሥሩ። ከጠርሙሱ በስተኋላ የባትሪ መብራት አብሩ፤ ተማሪው ጠርሙሱን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ጥላ ብቻ እያየ ቁልፉን አንቆ ያውጣ። መጀመሪያ ሳይዘጋጅ ይሞክር፤ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር ማን ጠርሙሱን እንደሚይዝና ማን ሽቦውን እንደሚስብ ተነጋግሮ ይሞክር። የሁለቱን ጊዜ መዝግባችሁ አነጻጽሩ።

ስለ ተማሪያችን የመጨረሻ የሰማነው ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ነው። ከእናቷ ጋር በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገብታለች። ድንበሩን ያቋረጡት ብዙውን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው እንደሆነና ልጅቷም ያለ ችግር እንደተራመደች እናቲቱ በስልክ ነግረውናል። ከአንድ ዓመት በፊት ያን መንገድ ልትሄደው አትችልም ነበር።